ለቅሶ የሌለበት ፊልም

«እና በቃ? ሞተ፣ አለቀ?»

«አለቀ።»

«እናት የለውም?»

«አረ ሩዋይዳ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ፊልምስ ቢሆን! ያን ሁሉ ልጅ አንድ ቤት ውስጥ አርዶ ሲጨርስ የአንዱ እናት እንኳ ‹ልጄ የት ገባ› ብላ አትደውልም? አንድ ጎረቤት ‹ምንድነው ጩኸቱ› ብሎ በሩን ገርበብ አያደርግም? እዚህ ሮቢት አንዲት ሴት ኡ ብትል የቀወት ወረዳ ሙሉ ዱላውን ይዞ ነው የሚወጣው። እነሱ አገር ሰው የለም?»

«ሰውማ አለ። ተራውን እየጠበቀ ነው፣ ቀጥሎ ስለሚታረድ።»

ሩዋይዳ አልሳቀችም። ሀብታሙ ሳቁ ካፉ አምልጦት ወጣና ዓይኗን ሲያይ መልሶ ዋጠው።

የቆሙት ከአባቷ መጋዘን ጀርባ፣ ጣራ ድረስ በተቆለለ የሽንኩርት ጆንያ መሀል ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምትቀመጥበት፣ የሸዋ ሮቢት ውሻ እንኳ ለመጮህ የሚሰንፍበት ሰዓት። አባቷ ጋሼ አብዱረዛቅ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ሁለቱ ያቺን ታህል ጊዜ ይሰርቃሉ። ፍቅራቸው ጋሼ ጫማቸውን መልሰው እስኪያጠልቁ ድረስ ነው።

«ደሞ ልጅቷ!» አለች ሩዋይዳ፣ ጭራሽ ብሶባት። «ቤት ውስጥ የሚያርድ ሰው እንዳለ ታውቃለች። የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሷ እሱን ትታ ወደ ፎቅ ትሮጣለች! ፎቅ ላይ ምን አላት?»

«እኔ አልሠራሁትም። ወጥታ ታገኛለች፣ ምን አገባኝ።»

«መኪናው ሁሌ አይነሳም። ስልኩ ሁሌ ኔትወርክ የለውም።»

«ይቺስ እውነት ናት። እኛ ጋስ አለ እንዴ?»

«‹ተለያይተን እንፈልግ› ይባባላሉ። ለምንድነው የሚለያዩት? ገዳዩ ደሞ አይሮጥም፣ ዝም ብሎ ይራመዳል፣ ግን የሮጠው ላይ ይደርሳል። እሱ ተተኩሶበት፣ ከፎቅ ወድቆ፣ ተቃጥሎ፣ ሞተ ሲባል ይነሳል! ያ ምስኪን ልጅ ግን አንዴ ከወደቀ ወደቀ። አንድ ቀን እንኳ እሱ ቢነሳ ምን አለበት? ሁሌ ሞቶ የሚነሳው ገዳዩ ብቻ ነው?»

እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። ሀብታሙም ወሬው ከፊልሙ ከወጣ እንደቆየ ያኔ ገባው።

ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የተሰማ ቪዲዮ ቤት አለ። ሀብታሙ እዚያ ተርጓሚ ነው። ተርጓሚ ሲባል እንግሊዝኛ ይችላል እንዳይመስላችሁ፤ ከትምህርት ቤት ጋር ገና በልጅነቱ ነው የተኳረፉት። ፈረንጁ አፉን ሲያንቀሳቅስ እሱ ማይክ ይዞ ደስ ያለውን ይናገራል፣ ያ ነው ሥራው። ለፊልሙ ሰዎች የከተማውን ሰው ስም ያወጣላቸዋል። ታርዶ የሚሞተውን አንዴ በባጃጅ ተራ አስከባሪው፣ አንዴ በራሱ በተሰማ ስም ይጠራና ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ተሰማ ደግሞ ገበያ እንዲስብለት አንዱን ስፒከር ደጅ ሰቅሎታል። የጠፋ ፍየልም፣ ወድቆ የተገኘ መታወቂያም ለከተማው የሚነገረው በዚሁ ማይክ ነው።

ሩዋይዳ እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም፣ የጨዋ ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም። ፊልሙን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ሀብታሙንም መጀመሪያ የወደደችው በጆሮዋ ነው። በኋላ ፊቱን ስታይ «ድምፅህ ይሻል ነበር» ብላ ስቃበታለች።

እሱ ማተብ ያሰረ የፋናዬ ልጅ፣ እሷ የጋሼ አብዱረዛቅ ልጅ። ይፋት ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ያለቅሳል። ልጅ መስጠት ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሁለቱን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሙሀሲን፣ የእሷ ወንድም፣ የእሱ ጓደኛ። «አባን እኔ አናግራቸዋለሁ» ብሏቸው ነበር። «ሳዑዲ ገብቼ ሰው ልሁንና ያኔ ቃሌን አይጥሉትም። ጠብቁኝ።» ከዚያ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከኦቦክ ወደብ አንድ ቮይስ ላከ፣ ነፋስ የሚያፏጭባት። «ነገ ጀልባ አለ፣ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም።

«አንተ ነህ እኮ የምትናገረው» አለች ሩዋይዳ፣ በሒጃቧ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ሰው ሲሞት ባንተ አፍ ሁሌ ሳቅ ነው። አንድ ቀን እንኳ የሚያለቅስለት ሰው ስጠው።»

«እሺ። ላንቺ ስል አሜሪካን በሙሉ ለቅሶ አስቀምጣታለሁ።»

«ወላሂ አንተ ከቀልድ ውጭ ምንም አልፈጠረብህም።»

ሄደች። ሀብታሙ ጆንያውን ተደግፎ ቀረ። በቀልዱ ስንት ነገር ሸሽጎ እንደሚኖር የደረሰችበት ያህል አፈረ።

በገበያው ቀን ቪዲዮ ቤቱ ጢም አለ። ተሰማ አዲስ ፊልም አላመጣም፣ ያው ነው፣ ጭንብል የለበሰው። ሰው ቃል በቃል ሸምድዶታል።

«አሁን ድመት ትወጣለች!» ይላል አንዱ ከኋላ። ድመት ትወጣለች።

«አሁን መብራቱ ይጠፋል!» መብራቱ ይጠፋል።

«ልጅቷ ልትስመው ነው፣ ስትስመው አለቀላት!» ትስመዋለች፣ አለቀላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጭንብልህን አውልቅ፣ ባለፈው አይተንሃል!»

ሀብታሙ ግን የሩዋይዳን ቃል አልረሳም። ከአስፋልቱ ማዶ ቁጭ ብላ እየሰማችው ነው ብሎ ያስባል። እሷ ግን ያን ቀን መጋዘን አልነበረችም። አክስቷ ሰይዳ ስለታመመች ጠዋቱን ወደ ማጀቴ ከተማ ሄዳለች። ይህን አላወቀም።

ያቺ ቦታ ደረሰች። ልጁ ሐይቁ ዳር ይቆማል፣ ገዳዩ ከኋላ ይመጣል፣ ልጁ ውኃው ላይ ተደፍቶ ይንሳፈፋል። ጓደኞቹ አይተው ይጮሁና ይሮጣሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚያነሳ የለም።

ሀብታሙ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። የሚያስቅ ስም ፈለገ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሙሀሲን!» አለ። «ወይኔ ሙሀሲን! ወይኔ ወንድሜ፣ ውኃ በላህ! የሙሀባ ልጅ፣ አንድ ወንድ ለእናቱ! ጠብቁኝ ብለህ አልነበር? ለእናትህ ማን ይንገራት? እኔ በየትኛው አፌ ልንገራት?»

ጫት የሚቀነጥሰው እጅ ሁሉ ቆመ። ያን የተናገረው ተርጓሚው አልነበረም፣ ስንት ቀን ፈርቶ ፈርቶ ለማንም ያልተነፈሰው ጓደኛው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው አፍንጫውን ሳብ ሲያደርግ ተሰማ።

በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ። የፊልሙ አይደለም፣ የከተማው።

«ይኸው! መብራቱ ይጠፋል አላልኳችሁም?» አለ ያ ከኋላ ያለው፣ ሳቅ ፈነዳ፣ ሰው እየተጋፋ ወጣ። ሀብታሙም ወጥቶ ማዶ አየ። መጋዘኑ ተዘግቷል። «ሰምታኝ አልቅሳ ገብታ ይሆናል» አለና ደረቱ ሞቀው። በሕይወቱ አንድ የረባ ነገር የሠራ መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት መፋቂያውን አፉ ውስጥ ሰክቶ ሲመጣ በእነ ጋሼ አብዱረዛቅ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል፣ ቃል የሌለው፣ እንደ ተጎዳ ከብት ያለ።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለ የመጀመሪያውን ሰው።

«አልሰማህም? የሙሀሲን ነዋ። ባሕር በልቶት።»

መፋቂያው ከአፉ ወደቀ። «ሙሀሲን!» ብሎ መሬት ላይ ተደፋ፣ ደረቱን ደቃ፣ አፈር በእጁ ዘግኖ አናቱ ላይ በተነ። ለቀስተኛው ሁሉ አብሮት ተነሳ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አይዞህ፣ አብሽር» እያለ ሊይዘው አልቻለም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ያ ሰፈር አይቶ አያውቅም።

የመስጊዱ ሽማግሌ ጋሼ ሳሊም ብብቱን ይዘው አነሱት።

«በቃህ ልጄ። የአላህ ውሳኔ ነው። አንተ የወንድም ሥራ ሠርተሃል፣ ሳታድር ነግረኸናል።»

«እኔ? ምኑን ነገርኳችሁ?»

«ትናንት ነዋ። በማይክህ።»

ሀብታሙ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ውስጥ የነበረው ፊልም አየ። ደጅ ከገበያ የሚመለሰው ግን፣ ያ የጠፋ ፍየል ሳይቀር የሚነግረው ስፒከር «ሙሀሲን፣ የሙሀባ ልጅ፣ ውኃ በላው፣ ለእናቱ ማን ይንገራት» ብሎ ዝም ሲል ሰማ። የተናገረው ደግሞ የልጁ የልብ ጓደኛ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሰሙ ማንንም አልጠየቁም፣ መርዶ ተመልሶ አይጠየቅም። እንደ አገሩ ወግ ለቤተሰቡ እንዳይወራ አፋቸውን ይዘው አደሩና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ገቡ። ለእትዬ ሙሀባ ነገሯት።

«ጋሼ ሳሊም» አለ ሀብታሙ። ድምፁ የእሱ አልመስል አለው። «እሱ እኮ... ፊልም ነው።»

«ምን አልክ?»

«ፊልም ነው። የሞተው ፈረንጅ ነው።»

ጋሼ አብዱረዛቅ ከምንጣፉ ተነሱ። ከዘራቸውን አነሱ። ሀብታሙ አልሸሸም፣ እንዲያውም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር። ከዘራው አየር ላይ እንዳለ ግን እትዬ ሙሀባ ሻሿ ወድቆ፣ ባዶ እግሯን፣ ሴቶቹን ጥሳ ወጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አልሞተም?»

«እትዬ፣ እኔ... ያልኩት...»

«አልሞተም በለኝ!»

«አልሞተም እትዬ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

እትዬ ሙሀባ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ልጇን ጠዋት ቀብራ ሳይረፍድ መልሳ ወለደችው። ለለቅሶ የመጣው ምግብ በእልልታ ተበላ፣ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ ሀብታሙን በጎን እየረገመ።

በዚያ መሀል ሚኒባስ ቆመ፣ ሩዋይዳ ወረደች። መርዶውን መንገድ ላይ ነው የነገሯት። ፊቷ በለቅሶ አብጧል፣ ጫማዋ አንድ ብቻ ነው። እናቷ ስታጨበጭብ አየች። ድንኳኑን አየች። ሀብታሙን አየች፣ አናቱ ላይ አፈር እንደተበተነ። አንዱ ፈጠን ብሎ ሁሉንም ነገራት።

ቀስ ብላ መጣችና ፊቱ ቆመች። እሱ ዓይኗን የሚያውቀው በጆንያ መሀል ሲስቅ ነው። እንዲህ ደርቆ አይቶት አያውቅም።

«አስለቅስ አልኩህ» አለችው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «እናቴን አስለቅስ ግን አላልኩህም።»

«ሩዋይዳ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ፊልም...»

«ሁለተኛ ይቺን ቃል ካፍህ እንዳልሰማት። ‹ፊልም ነው› ብለህ እንዳትነግረኝ። በወንድሜ ይዤሃለሁ።»

በወንድሟ አስምላው ሄደች። ሀብታሙን ከሁሉም ዱላ ይልቅ ይቺ ዘለቀችው።

ተሰማ ስፒከሩን አወረደው። ማይኩንም ሀብታሙ ራሱ ጠቅልሎ መለሰለት። «አንተ ከሌለህ ማን ያያል ያንን እርድ?» ቢለው «ይብቃኝ ጋሼ፣ ሙታን በዝተውብኛል» አለው።

ሩዋይዳ ከመጋዘኑ ወደ ቪዲዮ ቤቱ የምታይባት፣ በጆንያዎቹ መሀል የቀረች አንዲት ክፍተት ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጆንያ አምጥታ ደፈነቻት። ሀብታሙ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሞ ያቺን ጆንያ ያያል። ሰው ጆንያ ቆሞ ሲያይ እብድ ይመስላል፣ ይሁን ብሏል።

ያዳነችው እትዬ ሙሀባ ናት። «ያ ልጅ የታለ?» ብላ አስጠራችው። «ጥሉት አትበሉኝ፣ እኔ ልጄን ሞቶ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ከሞት ያመጣልኝ እሱ ነው» አለች። ጋሼ አብዱረዛቅ ተራገሙ፣ ተነጫነጩ፣ በኋላ «ጉልበት ካለህ ይሄን ጫን» ብለው ወደ አይሱዙው አመለከቱት። ሀብታሙ ሽንኩርት ተሸካሚ ሆነ። ጀርባው ተላጠ፣ ምላሱ አጠረ። እትዬ ሙሀባ ውኃ ስትሰጠው «ሙሀሲን ሲመጣ ትስቁበታላችሁ» ትለዋለች። አንድ ቀን ደግሞ ወደ እሱ አየች፣ ወደ ሩዋይዳ አየች፣ «አላህ ያውቃል፣ ሙሀሲን ይምጣ ብቻ» አለችና ገባች። ሩዋይዳ አንገቷ ድረስ ቀላች።

በማግስቱ ያቺ ጆንያ ከክፍተቷ ተነስታለች። ሀብታሙ ሲያያት፣ በዚያች ቀዳዳ ሁለት ዓይን ነበረ፣ የሚስቅ።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለችው በዙሁር ሰዓት። «እማ ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ትበላለች። ‹አንዴ ተነስቷል፣ ሁለተኛ አይሞትም› ትላለች። እኔም አምኜአታለሁ መሰለኝ።»

«እኔም» አላት።

እጇን ጆንያው ላይ አደረገች፣ እሱም ከጎኗ አደረገ። አልተነካኩም። በሁለቱ እጆች መሀል ያለችው ቦታ ግን ከሮቢት ፀሐይ በላይ ትሞቅ ነበር።

ስልኩ የጮኸው ሮቢ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ጆንያ ሲያወርድ ነው። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ሀብታሙ ነህ?» አለ የወሎ ሰው ድምፅ። «ከጂዛን ነው፣ ከሳዑዲ። ይቅርታ፣ እስር ላይ ነበርኩ፣ ስልክ የለኝም ነበር። ቁጥርህን በቃሌ ይዤ ነው የከረምኩት። ጀልባ ሳንሳፈር አንዳችን የሌላችንን የወዳጅ ቁጥር ሸምድደን ነበር፣ የተረፈ ለሌላው ሰዎች እንዲደውል።»

ሀብታሙ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ሳይሰማው ያውቀዋል።

«ጀልባው የመን ዳር ሲደርስ ነው የተገለበጠው። ሙሀሲንን ባሕሩ ሲያወጣው እኔ ነኝ ያገኘሁት። ሰገድንበት። በእጄ ቀብሬዋለሁ፣ ወላሂ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጌ። ለእናቱ ይሄን ንገርልኝ፣ እንዲሁ አልተጣለም በላት።» ሰውየው ቀጠለ። «ኦቦክ ጀልባ ስንጠብቅ አንድ ፊልም ይተርክልን ነበር። ጓደኛዬ የሚናገራት ናት ይል ነበር፣ ባንተ ድምፅ እየሠራ። ጭንብል ያለበት። እሱ ሲተርካት ግን ማንም አይሞትም። ሁሉንም በየቤታቸው ያስገባቸዋል።»

ሀብታሙ ጋሼ ሳሊም ጋ ሄደ። መርዶ ብቻውን አይወስዱትም፣ ሽማግሌ ይዞ ነው። ጋሼ ሳሊም ገና «ሙሀሲን» ሲል እጃቸውን አነሱ።

«ደሞ ምን ፊልም መጣ?»

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት፣ እውነት ነው። ሰው ደወለልኝ።»

«ልጄ፣ አንዴ በአንተ ምላስ የሰው ቤት አፍርሰናል። ያንን ዳግመኛ አልሸከምም። ሌላ ሰው ሲነግረኝ እሄዳለሁ።»

ሌሎቹም እንደዚያው። አንዱ ሳቀበት። ሀብታሙ መንገድ ላይ ቆመና ያ ፊልም ትዝ አለው። እዚያም ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ የሚመጣ፣ «ወደዚያ ቤት አትሂዱ» የሚል። ማንም አይሰማውም፣ ይስቁበታል። ሀብታሙ ሁሌ የሰከረ ሰው ድምፅ ነበር የሚሰጠው። ያ ሁሉ እርድ ውስጥ እውነት የተናገረው እሱ ሰውዬ ብቻ ነበር፣ ሀብታሙ በእሱም ቀልዶበታል።

ዝም ቢልስ? ማን ያውቅበታል? እትዬ ሙሀባ እህሏን እየበላች ትኖራለች። ያቺ ክፍተት ክፍት እንደሆነች ትቆያለች። ቢናገር ግን ሙሀሲንን ሁለት ጊዜ የገደለ እሱ ነው፣ «አባን አናግራቸዋለሁ» የሚልም ከእንግዲህ የለም። ሩዋይዳን በገዛ አፉ ነው የሚያጣት። ዝም ሊል ነበር፣ ወላሂ ዝም ሊል ነበር። ግን ያች ጥያቄዋ ጆሮው ላይ ቀረች። «እናት የለውም?»

አለው እኮ። አለው።

ጋሼ አብዱረዛቅ ለዙሁር ወጥተዋል። ሀብታሙ በጓሮ አልመጣም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር ገባ። ሩዋይዳ መሬት ላይ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ትለያለች። ቀና ብላ ስታየው ፊቷ በራ፣ ከዚያ ደግሞ መብራቱ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ሄደ።

«ምነው በዚህ ገባህ? ሰው አያይህም?»

«ይይ።»

«ምን ሆነሃል? ከአባ ጋር ተጣላህ?»

«ሰው ደወለልኝ። ከጂዛን።»

ብድግ አለች፣ ሽንኩርቱ ከጭኗ ላይ ተበታተነ። «ሙሀሲን! ገባ? ሳዑዲ ገባ? እማ! እ...»

«ሩዋይዳ። ሙሀሲን አይደለም። አብሮት የነበረ ነው።»

«እሺ አብሮት የነበረው ምን አለ? እሱን ለምን አላገናኘህም?»

ሀብታሙ አፉን ከፈተ። ያ ስንቱን ፈረንጅ ያናገረ አፍ የሰውየውን ቃል ብቻ ደገመ።

«በእጄ ቀብሬዋለሁ አለኝ። ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጌ። እንዲሁ አልተጣለም፣ ለእናቱ ንገርልኝ አለኝ።»

ሩዋይዳ አልጮኸችም። ሀብታሙ ጩኸቷን እየጠበቀ ነበር። ያንን ኡኡታ፣ ቀወት ሙሉ ዱላውን ይዞ የሚወጣበትን። ሰው እንዲወጣ፣ ጎረቤት በሩን እንዲከፍት፣ ይሄን ነገር ከእሱ ላይ ተባብሮ እንዲያወርድለት። አልመጣም። ከቤት በኩል የእትዬ ሙሀባ ድምፅ ተሰማ፣ ደህና የበላ ሰው ድምፅ፤ «ሩዋይዳ! ጠራሽኝ እንዴ ልጄ?»

ሩዋይዳ የሸሚዙን አንገት በሁለት እጇ ጨመደደችው። ማተቡም አብሮ ተያዘ። ነክታው አታውቅም ነበር፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን።

«ፊልም ነው በለኝ» አለችው።

«ሩዋይዳ...»

«ፊልም ነው በል!»

«ይቺን ቃል ካፍህ እንዳልሰማ ብለሽ አስምለሽኛል። በእሱ ነው ያስማልሽኝ።»

«ሩዋይዳ!» አለች እናቷ፣ የእግሯ ድምፅ ወደ መጋዘኑ እየቀረበ።

ሩዋይዳ ጥርሷን ነክሳ ዓይኑን አየችው።

«ውሸታም አይደለህ? ዋሸኝ እንጂ ታዲያ!»